ምላስ የራስ፣ አየሩ የሰው

ቦሌ ላይ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር

 

ቦሌ ውስጥ «ሩዋንዳ» የሚባል ሰፈር እንዳለ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የታክሲ ረዳቶች ከማለዳ እስከ ምሽት «ሩዋንዳ! ሩዋንዳ!» ሲሉ ስለሚውሉ ቃሉ አገር መሆኑ ቀርቶ መውረጃ ሆኗል። ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለ ሬዲዮ ሰዎች ነው፤ ደፍረው ስለሚናገሩ፣ አንዳንዴም አፋቸው ስለሚያመልጣቸው የሬዲዮ ሰዎች። ከሩዋንዳ የምጀምረው ግን ያለ ነገር አይደለም። በመጋቢት 2002 ዓ.ም.፣ ምርጫው ሁለት ወር ሲቀረው፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ስለ አሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ዝግጅት ተጠይቀው ሲመልሱ ጣቢያውን ከሩዋንዳው «ሚል ኮሊን» ሬዲዮ ጋር አነጻጸሩት። ስርጭቱን የሚያፍን መሣሪያ ሲሞከር መቆየቱን፣ ሙከራው ከተሳካም ትእዛዙን ለመስጠት እንደማያመነቱ አልደበቁም። ሬዲዮ የሚያፍን መንግሥት ሞልቷል፤ ይህን በአደባባይ የሚናገር መሪ ግን ብዙም አይገኝ።

«ሚል ኮሊን» በሐምሌ 1985 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ ሥራ የጀመረ የግል ጣቢያ ነበር። ብዙ ሰው ይረሳዋል እንጂ ጣቢያው ሲጀምር የሚያስፈራ አልነበረም። የመንግሥቱ ሬዲዮ ደረቅ ነው፤ ይኼኛው ዘፈን ያሰማል፣ ይቀልዳል፣ የመንገድ ቋንቋ ይናገራል፣ አድማጭ በስልክ ያስገባል። አቅራቢዎቹ እንደ ሰፈር ልጅ ይወደዱ ነበር። በ1986 ዓ.ም. መጋቢት ማለቂያ ላይ የሩዋንዳው የዘር እልቂት ሲጀምር እነዚያው የተወደዱ ድምፆች የሰው ስምና የተሸሸገበትን ቦታ ይናገሩ ጀመር። አሩሻ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በኅዳር 1996 ዓ.ም. ከጣቢያው መሥራቾች ሁለቱን ከአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ ጋር ጥፋተኛ አላቸው። ከአቅራቢዎቹ አንዱ፣ ቤልጅየማዊው ዦርዥ ሩጂዩ፣ ጥፋቱን አምኖ 12 ዓመት ተፈርዶበታል።

ታዲያ ምሽት 3 ሰዓት ላይ ከዋሽንግተን ይሰማ የነበረው የአማርኛ ዝግጅት ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? በእኔ ግምት ምንም። ዝግጅቱ ለተቃዋሚው ያደላል የሚል ወቀሳ ነበረበት፤ ወቀሳውን የሚያነሱት ሁሉም የመንግሥት ሰዎች አልነበሩም፣ አንዳንዱ ወቀሳም ፍሬ ነበረው። ያደላ ዜና ግን መልስ ይሰጠዋል እንጂ ከእልቂት ጋር አንድ ሚዛን ላይ አይወጣም። ያም ሆኖ ንጽጽሩ ኃይል ነበረው፤ ምክንያቱም ፍርሃቱ የሐሰት አልነበረም። በዚች አገር ማይክሮፎን ላይ የሚወረወር አንድ ቃል የት ደርሶ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም በየቤታችን የምናውቀው ነገር አለ። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ያንን እውነተኛ ፍርሃት ተውሶ ለራሱ ጉዳይ ሲያውለው ነው ነገሩ የሚበላሸው።

እንግዲህ እነዚያ የዋሽንግተን ድምፆች እነማን ነበሩ? የአሜሪካ ድምፅ በአማርኛ መናገር የጀመረው በ1975 ዓ.ም.፣ በደርግ ዘመን ነው። ከእርሱ በፊት የጀርመን ድምፅ ከመጋቢት 1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከኮሎኝ፣ ኋላም ከቦን ይሰማ ነበር። በደርግ ጊዜ እነዚህን ጣቢያዎች የሚከፍት ቤተሰብ መጀመሪያ መስኮቱን ይዘጋል። ልጆች ደጅ ይላካሉ፤ ለጨዋታ እንዳይመስላችሁ፣ የሚያልፈውን ሰው እንዲያዩ ነው። ድምፁ የሚሰማው ሬዲዮኑን ጆሮ ላይ ለጥፎ ነበር። የዛሬ ልጆች የጆሮ ማዳመጫን አዲስ ነገር ያስመስሉታል!

የ1997ቱ ምርጫ ሲደርስ ያ ሁሉ መሸሸግ የቀረ መሰለ። በሻይ ቤቱ፣ በጋራዡ፣ በታክሲው የዋሽንግተኑ ዝግጅት በአደባባይ ይደመጥ ነበር። ምርጫው በደም ተቋጭቶ በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. አቃቤ ሕግ 131 ሰዎችን ሲከስ ከስሞቹ መካከል አምስቱ እነዚያው የምሽት ድምፆች ሆነው ተገኙ፦ ንጉሤ መንገሻ፣ አዲሱ አበበ፣ ሰሎሞን ክፍሌ፣ ትዝታ በላቸው፣ አዳነች ፍሥሐዬ። ከስቱዲዮአቸው ወንበር ሳይነሱ አዲስ አበባ ላይ ከባድ የወንጀል ተከሳሾች ሆኑ። እነርሱ ክሱን ዜና አድርገው ማንበብ ነበረባቸው፤ ስለ ራሱ ክስ ዜና ማንበብ እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ አስቡት። በመጋቢት 1998 ዓ.ም. የአምስቱ ክስ ተነሳ። አራት ዓመት ቆይቶ ደግሞ መግቢያዬ ላይ ያነሳሁት ማፈን መጣ።

ስለ ማፈን አንድ ነገር ላስረዳ፤ ወጣቶቹ በአጭር ሞገድ ስላላደጋችሁ። አጭር ሞገድ ሩቅ አገር ተለቅቆ፣ ከሰማይ ተንጸባርቆ ነው እኛ ጋ የሚወርደው። ደክሞ ነው የሚደርሰው። የሚያፍነው ክፍል በዚያው ሞገድ ላይ ከቅርብ ጫጫታ ይለቅበታል፤ ሩቅ ያለው ቅርብ ያለውን ጩኸት አያሸንፍም። ከየካቲት 2002 አጋማሽ ጀምሮ የአዲስ አበባ ሰው መርፌውን ወደ ለመደው ቦታ ሲያዞር የሚሰማው የወፍጮ ቤት ድምፅ የመሰለ ነገር ነበር። ጣቢያው ሞገድ ይቀይራል፣ ጩኸቱ ይከተለዋል። አድማጩም ሳተላይት ሳህኑን ያዞራል፣ ስልክ ይደውላል፣ ዘመድ ይጠይቃል። ሁለቱም ወገን ደከመ እንጂ ድምፁ ጨርሶ አልጠፋም።

የጠፋው መቼ መሰላችሁ? በመጋቢት 2017 ዓ.ም.። የዋሽንግተኑ መንግሥት ራሱ ጣቢያው የሚተዳደርበትን መሥሪያ ቤት በአንድ ፊርማ አደከመው፤ 1,300 የሚሆኑ ሠራተኞች በአንድ ቅዳሜ በግዳጅ እረፍት ቤታቸው እንዲቀሩ ተነገራቸው፤ ወደ 50 በሚጠጉ ቋንቋዎች ይናገር የነበረ ጣቢያ ቃል አጠረው። የአዲስ አበባን ጫጫታ ያቃተው ሥራ በባለቤቱ እጅ ተጠናቀቀ። ዜናውን ስሰማ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ያ ነገር ነው የዛሬው ንግግሬ ርእስ። በድፍረቱ የምናደንቀው ተናጋሪ፣ በድፍረቱ የምንሰድበውም ተናጋሪ፣ የራሱ የሆነው ምላሱ ብቻ ነው። አየሩ የሰው ነው። ተከራይ ነው።

አንዳንዴ ምላሱም የራስ አይሆንም። የታኅሣሥ 1953ቱን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አስታውሱ፤ ጀኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ባሉበት ቤተ መንግሥቱን ሲይዙ፣ በታኅሣሥ 5 ቀን በአዲስ አበባ ሬዲዮ አዲሱን መንግሥት ያወጀው ድምፅ የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ነበር። አባቱን የሚያወርድ አዋጅ የሚያነብ ልጅ። ኋላ ተገድጄ ነው አሉ፤ ተገደው ይሁን ወደው የታሪክ ሰዎችን ዛሬም ያከራክራቸዋል። ከሰማይ ደግሞ የፓትርያርኩ የአቡነ ባስልዮስ ውግዘት በወረቀት ተበተነ። በዚያ ሰሞን ሬዲዮና ወረቀት ተፋለሙ ማለት ነው፤ ወረቀቱ አሸነፈ።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ።

ይህች ከተማ ለብዙ ዘመን ከሁሉ በላይ የመንግሥትን ድምፅ ስትሰማ ኖራለች። አቃቂ ላይ የተሠራው የመጀመሪያው ጣቢያ በጥር 1927 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የሠራው አንሳልዶ የተባለ የጣልያን ኩባንያ ነው፤ ዓመት ሳይሞላ ጣልያን ራሷ ልትወረን መጣች። ከዚያ በኋላ መንግሥት ሲለወጥ ጣቢያው ስሙን ይቀይራል፣ ሰላምታው ይቀየራል፣ ባለቤቱ ያው ነው። ለግለሰብ ፈቃድ ይሰጣል የሚል ሕግ የወጣው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ አዋጅ ቁጥር 178። ሕጉ ወጥቶ ፈቃዱ እስኪሰጥ ሰባት ዓመት ፈጀ። በመካከሉ በ1992 ዓ.ም. ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 መጣና ከተማዋ ስለ ራሷ የሚያወራ ሬዲዮ መስማት ለመደች፤ የታክሲ ሾፌሮች የቴፕ ክር ከመጠቅለል አረፉ።

በ1998 ዓ.ም. ሁለት የግል ኤፍ ኤም ፈቃዶች ተሰጡ። ከሁለቱ የተወለዱት ዛሚ 90.7 እና ሸገር 102.1 ናቸው። ሁለቱም በሴት ድምፅ የሚታወቁ ጣቢያዎች ሆኑ። በሸገር መዓዛ ብሩ ከአበበ ባልቻና ከተፈሪ ዓለሙ ጋር ነበሩ፤ በዛሚ ደግሞ ሚሚ ስብሃቱ፣ በኅትመት ጋዜጠኝነት ከሚታወቁት ከባለቤታቸው ከዘሪሁን ተሾመ ጋር። በአንድ ዘመን፣ በአንድ ሕግ፣ በአንድ ከተማ የበቀሉ ሁለት ሴቶች ማይክሮፎንን በሁለት ተቃራኒ መንገድ ያዙት። ይህን የሚያህል ትምህርት ቤት ለጋዜጠኝነት ተማሪ አይገኝም፤ ማንም ሲያስተምርበት ግን አላየሁም።

ወይዘሮ ሚሚ የመጡት ከዚያው ከአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል ነው። ያው አንድ ቤት ያሳደጋቸው ጋዜጠኞች ከፊሎቹ ተከሳሽ፣ አንዷ ደግሞ ባለ ፈቃድ ሆኑ። ስለ ችሎታቸው የማይስማማ ሰው አላገኘሁም። ድምፃቸው ጥርት ያለ፣ ዓረፍተ ነገራቸው የተቋጨ፣ በቀጥታ ስርጭት የማይደናገሩ ናቸው። «የጋዜጠኞች ክብ ጠረጴዛ» የሚለው ዝግጅታቸው የሳምንቱን ፖለቲካ ሳይሸፋፍን የሚያነሳ ነበር። በዚያን ጊዜ ሌላው ኤፍ ኤም ስለ ፍቅር ደብዳቤና ስለ እንግሊዝ ኳስ ሲያወራ፣ ክብ ጠረጴዛው ስለ ተቃዋሚ ፓርቲ፣ ስለ ግል ጋዜጣ፣ ስለ ዲያስፖራ በስም እየጠራ ይናገር ነበር። ሰው ይወደዋል ወይም ይጠላዋል፤ ግን ይከፍተዋል።

ወቀሳውም የመጣው ከዚያው ነው። የግል ጋዜጣ ሰዎችና ተቃዋሚዎች፣ ክብ ጠረጴዛው አንድ ጎን ብቻ ነው ያለው፣ እርሱም የመንግሥት ነው ይሉ ነበር። ወዳጆቻቸው በበኩላቸው ሴትዮዋ የሚያምኑበትን ነው የሚናገሩት፣ ከመንግሥት ጋር መስማማት ወንጀል ከመቼ ወዲህ ነው ብለው ይመልሳሉ። እኔ በዚህ ነጥብ ከወዳጆቻቸው ጋር ነኝ። ጋዜጠኛ ወገን ሊይዝ ይችላል፤ ወገን የያዘና የማይደብቅ ተናጋሪ ገለልተኛ መስሎ ከሚያጭበረብር ይሻላል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ክብ ጠረጴዛው በሚጦፍባቸው ዓመታት በዙሪያው ምን እየሆነ እንደነበር ቀኖቹን ልጥራላችሁ። በ2002 ዓ.ም. መግቢያ ላይ «አዲስ ነገር» ጋዜጣ ተዘግቶ አዘጋጆቹ ተሰደዱ። በመስከረም 2004 እስክንድር ነጋ ታሰረ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 18 ዓመት ተፈረደበት። በሚያዝያ 2006 የዞን ዘጠኝ ጸሐፊዎችና ሌሎች ጋዜጠኞች ወህኒ ወረዱ። በክብ ጠረጴዛው ላይ ስማቸው ሊነሳ ከሚችል ሰዎች ስንቱ ጠዋት ስልክ ደውሎ «ወይዘሮ ሚሚ፣ ተሳስተዋል» ማለት ይችል ነበር? የታሰረ አይደውልም፤ የተሰደደው መስመሩ ሩቅ ነው። በፀጥታ መካከል የሚናገር ድምፅ ከመጠኑ በላይ ይገዝፋል። ድፍረት ነው ያልነው ነገር ከፊሉ የሌሎች ዝምታ ነበር።

ይህን ስል ዝምታውን የፈጠሩት እርሳቸው ናቸው ማለቴ አይደለም። ጎረቤቱ መብራት የጠፋበት ቤት አምፖሉ የደመቀ ይመስላል፤ ጥፋቱ የአምፖሉ አይደለም፤ ግን ባለ አምፖሉ ውጪ ወጥቶ ለምን ጨለመ ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የፖለቲካው ነፋስ ሲዞር ዛሚም ስሙ ቀረ፤ በ90.7 ዛሬ የሚሰማው አዋሽ ነው። ሞገዱ አለ፣ ተከራዩ ተቀይሯል።

በሸገር በኩል ወይዘሮ መዓዛ ብዙም አይናገሩም። ይህ ነው አሠራራቸው። «የጨዋታ እንግዳ» ላይ አንድ ሽማግሌ ይቀመጣሉ፤ የቀድሞ ሹም ወይም መኮንን ወይም ሐኪም፤ ልጅነታቸውን ይጠየቃሉ፣ ስለ እናታቸው፣ ስለ ቄስ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ መጀመሪያ ጫማቸው። ሳምንት ያልፋል፣ ሁለት ሳምንት ያልፋል፣ ሰውየው ገና አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት፣ አድማጩም እንግዳውም ተዘናግተው ሳለ፣ ጥያቄው ይመጣል፦ «ታዲያ ያን ሌሊት እርስዎ የት ነበሩ?» እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያዳመጥኩት የአማርኛ ሬዲዮ ውስጥ የዚያን ያህል ከባድ ጥያቄ በዚያ ያህል ለስላሳ ድምፅ ሲጠየቅ አልሰማሁም። እናም እንግዳው ይመልሳሉ። ወይም ዝም ይላሉ፤ ዝምታው በሬዲዮ ይሰማል።

ይህንንም የሚነቅፉ አሉ። ትናንትን እየቆፈሩ ዛሬን መሸሽ ነው ይላሉ፤ የሞተ ባለ ሥልጣን መጠየቅ ምን ድፍረት ይጠይቃል ይላሉ። ነቀፌታው ትንሽ እውነት አለው። ሬዲዮን ለማቆየት ሲባል ያልተጠየቁ ጥያቄዎች ሸገርም ቤት ይኖራሉ፤ ፈቃዱ የሚታደስ ነው፣ የሚታደስ ነገር ያለው ሰው ደግሞ ቀኑን እየቆጠረ ነው የሚኖረው። ግን ለየት ያለ ነገር ልብ በሉ። ከክብ ጠረጴዛው ስንት ነገር እናስታውሳለን? ከጨዋታ እንግዳውስ? የእኔ እናት የአንዱን ጄኔራል የልጅነት ታሪክ እንደ ራሷ ወንድም ታሪክ ታወራዋለች።

አሁን ወደ ቦሌ፣ ወደ ዛሬው ሬዲዮ። ከሁለቱ በኋላ ጣቢያዎቹ በዙ። አድማጩ ብዙውን ጊዜ የማያውቀው፣ የሚወደው ዝግጅት የጣቢያው አለመሆኑን ነው። የ«ተባባሪ አዘጋጅ» ነው። ተባባሪ አዘጋጅ ማለት ከጣቢያው የአየር ሰዓት የሚገዛ፣ ስፖንሰር ራሱ ፈልጎ የሚያመጣ፣ ካተረፈ የሚያተርፍ፣ ከከሰረ የሚከስር ሰው ነው። ቢሮው ብዙ ጊዜ እዚሁ አካባቢ ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ ሊፍቱ የማይሠራበት ስድስተኛ ወለል ላይ ነው። ሦስት ሰው፣ ሁለት ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክሮፎን፣ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን። ይህ ሰው ማንን ይፈራል? ጣቢያውን፣ ውሉ እንዳይቋረጥ። ጣቢያው ፈቃድ ሰጪውን ባለ ሥልጣን፣ ፈቃዱ እንዳይነካ። ሁለቱም ስፖንሰሩን። እንግዲህ ደፋር አቅራቢ ስንል የተከራይ ተከራይ ተከራይ እያልን ነው።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከእነዚህ ዝግጅቶች በአንዱ ተጋብዤ ነበር፤ ስለ ከተማው መኖሪያ ቤት እንዳወራ። አቅራቢው በአየር ላይ አንበሳ የሆነ ልጅ ነው፤ ወረዳውን፣ ውኃና ፍሳሹን፣ የመብራት መቆራረጡን ሲያብጠለጥል ታክሲ ውስጥ ያጨበጨበ ሰው አይቻለሁ። ስቱዲዮ ስገባ ውኃ ቀዳልኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሪል እስቴት የሚለውን ቃል ባያነሱብኝ» አለኝ። ስፖንሰሩ ማን እንደነበር ገባኝ። ስለ መኖሪያ ቤት አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን፤ ሪል እስቴት የሚል ቃል አልወጣኝም። ፈሪ ነው ብዬ አልፈረድኩበትም። ሁለት ልጅ አለው፣ የአየር ሰዓቱ ክፍያ ወር በገባ ቁጥር ይጠይቀዋል። ያዘንኩት በራሴ ነው፤ ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር።

የስፖንሰርን ጉልበት ከፈለጋችሁ የቢራውን ነገር እዩ። የኳስ ዝግጅቶች ለብዙ ዓመት በቢራ ገንዘብ ነበር የሚተነፍሱት። ከከተማዋ አፈኛ ተናጋሪዎች ብዙዎቹ ደግሞ ከስፖርት ሬዲዮ የወጡ ናቸው፤ ሚኒስትር መተቸት ያልቻለ አፍ ፌዴሬሽንን፣ አሠልጣኝን፣ ዳኛን እየዘለፈ ነው የሠለጠነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ ቢራን ጨምሮ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። ለጤና ጥሩ ሕግ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን በዚያ ሰሞን የስንት ዝግጅት ድምፅ እንደቀጠነ፣ ስንቱም እንደተዘጋ የሬዲዮ ሰዎችን ጠይቁ። አዋጁ ስለ ንግግር አንዲት ቃል የለውም፤ ተናጋሪን ዝም በማሰኘት ግን ብዙዎቹን የፕሬስ ሕጎች ይስተካከላል።

ስለ ሕጎቹም ካነሳሁ አይቀር ባጭሩ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ፣ ቁጥር 1185፣ ሐሰተኛ መረጃ በሬዲዮ ወይም በቴሌቪዥን ያሠራጨ ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ሊቀጣ ይችላል ይላል። በዓመቱ የመጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ፣ 1238፣ ላላ ያለ ነበር፤ የሃይማኖት ተቋማትንም ከአየር አይከለክልም። በ2017 ዓ.ም. ሲሻሻል ግን የመገናኛ ብዙኃን ባለ ሥልጣን ቦርድ ከነበረው ሥልጣን ከፊሉ ወደ ራሱ ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመለሰ። የሕግ ሰው አይደለሁምና እዚህ ላይ እተዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ የጥላቻ ንግግርን ሕግ የሚያስፈራው ሰው ማን እንደሆነ አስተውሉ። የጎሳ ስድብ በቀልድ ጠቅልሎ የሚወረውር አቅራቢ ሳይሆን፣ ሰነድ ይዞ የሚናገር ጋዜጠኛ ነው ጠበቃ ሲያማክር ያየሁት። ቀልደኛው «ጨዋታ ነው» ይላል። የሚል ኮሊን ሰዎችም መጀመሪያ ላይ ጨዋታ ነው ይሉ ነበር።

አድማጩስ? አድማጩን ነጻ አላወጣውም። በቀጥታ ስርጭት ስልክ ሲከፈት የሚደውለውን ሰው አውቀዋለሁ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። «ሄሎ፣ ከገርጂ ነው የምደውለው» ይላል፣ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርግ እየተባለ አያደርግም፣ ቀጥሎ አቅራቢው ሊለው ፈልጎ ያልደፈረውን ነገር ፍርጥ ያደርገዋል። አቅራቢው «መስመሩ ተቋረጠ መሰለኝ» ይላል። መስመሩ አልተቋረጠም። አቅራቢው፣ ደዋዩ፣ እኛም ይህን እናውቃለን። ሁላችንም ግን ዘፈኑን እናዳምጣለን። እኔ የከተማዋን የንግግር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ባገኝ፣ «መስመሩ ተቋረጠ» የተባለባቸውን ደቂቃዎች ሰብስብ እለው ነበር። ከተነገረው ይልቅ እዚያ ውስጥ ብዙ ነገር አለ።

ወጣቶቹ ይህ ሁሉ አልፏል፣ ዛሬ ሁሉም ሰው በስልኩ ጣቢያ ከፍቷል ትሉኛላችሁ። ከፍታችኋል። ከቤታችሁ ሳትወጡ ለመቶ ሺህ ሰው ትናገራላችሁ። ግን ቪዲዮአችሁ በአንድ ሌሊት ሲወርድ ለማን ነው የምትደውሉት? የድሮው አቅራቢ ቢያንስ ባለቤቱን በስም ያውቀው ነበር፤ ደጁ ሄዶ ይለምነው፣ ይጣላውም ነበር። የእናንተ አከራይ ካሊፎርኒያ ነው፣ አማርኛ አይሰማም።

ይቅርታ፣ ከኋላ ምልክት እየሰጡኝ ነው። አዳራሹን የፈቀዱልን እስከ 12 ሰዓት ድረስ ብቻ ነው፤ ማይክሮፎኑም የእነርሱ ነው፣ ይዘጋሉ ብለውናል። ሃያ ደቂቃ አለን። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ከገርጂ የመጣው ሰው ካለ ይቅደም፣ መስመሩን አንቆርጥበትም።